ላሟ ብትሞት ዕዳው የማን ነው?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ጥቅምት ጓዙን ጠቅልሎ ዳንግላ ሲገባ የባንክ ደብተሩ ውስጥ 110 ሺህ ብር ነበረው። አዲስ አበባ ግንበኛ ሆኖ አራት ዓመት ያጠራቀመው ነው። አቦሉ ሳይወርድ፣ «አክስቴ፣ የፈረንጅ ላም ልገዛ ነው። የጎደለውን እበደራለሁ» አለኝ። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሕፃኑን ታጠባለች፤ ምንም አልተናገረችም።

«ብትሞትስ?» አልኩት።

«ምነው አክስቴ፣ ገና ሳልገዛት ታሟርቺብኛለሽ?»

ሟርት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. እኔን ይህን የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ እንቅልፍ ይተርፈኝ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን የርቢ ላም ወተት ጠጥቼ አድጌያለሁ፣ በብድር የገዛኋትን ላም ደግሞ በገዛ ግቢዬ ቀብሬያለሁ። ስለዚህ «ላም ልግዛ ወይስ ርቢ ልያዝ?» ብሎ ለሚያመነታ ሰው የምለው አለኝ።

የገዛኋትን ላስቀድም። በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ ከደመወዜ በቆጠብኩት 14 ሺህና በተበደርኩት 20 ሺህ ብር አንዲት የከበደች ድቃላ ገዛሁ። ጥቁርና ነጭ ናት። የመጨረሻ ልጄ ገና እንዳያት «ጋዜጣ» አላት፤ ስሟ ያው ሆኖ ቀረ። ግንቦት ላይ ወለደች። እንገሩ አልቆ ወተቱ ሲጠራ ጠዋትና ማታ ተደምሮ ዘጠኝ ሊትር ታለብ ጀመር። የአበሻ ላም በአማካይ በቀን የምትሰጠው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ዘጠኝ ሊትር ተአምር ነው። መናኸሪያው አጠገብ ላሉ ሁለት ሻይ ቤቶች አስረክብ ነበር። ጎረቤት ሁሉ በአጥር ላይ አንገቱን እያሰገገ አየኝ፤ እኔም መታየቱን አልጠላሁትም።

ከዚያ የሰኔ ጾም ገባ። ሻይ ቤቶቹ የሚወስዱት በግማሽ ቀነሰ፤ በፍልሰታ ጭራሽ «አታምጪ» አሉኝ። ወተቱን አርግቼ በቅል እየናጥኩ ቅቤ አወጣሁ፣ ቅቤውንም ጾም እስኪፈታ አስቀመጥኩት። ፉርሽካውና ፋጉሎው ግን በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፣ የብድሩ ክፍያም ወር በገባ ቁጥር ይጠበቃል። ወተት ይጾማል፤ ብድር አይጾምም። ይህን ላም ከመግዛቴ በፊት ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ዕድሜ ልኬን ስጾም ኖሬ አላሰብኩትም።

የመስቀል ማግስት ልጄ ማልዶ ወንዝ ዳር ወረደና አንድ እቅፍ ማገጥ አጭዶ አመጣላት። ደስ እንድትለው ብሎ ነው። ማገጥ በመስከረም ጤዛ እንደረጠበ፣ በባዶ ሆድ፣ ያውም በብዛት የበላች ላም ምን እንደምትሆን የገጠር ልጅ ያውቃል፤ የእኔ ልጅ የከተማ ልጅ ነው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ግራ ጎኗ ከጀርባዋ በላይ አበጠ፣ በጣቴ ስመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። ምላሷን አውጥታ ታቃስታለች። ሐኪሙ ጋ ስልክ ደወልን፣ አልተነሳም። ዘይት በጠርሙስ አጠጣናት፣ ግማሹ በአፍንጫዋ ተመለሰ። አንድ ጎረቤታችን ካራ ይዞ መጣና፣ «እቴ፣ በክት ሳትሆን እንባርካት፤ ቢያንስ ሥጋዋን እንቃረጠው» አለኝ። እኔ «ትንሽ ጠብቁ፣ ሐኪሙ ይደርሳል» አልኩ። ጠበቁ። ልጄ አንገቷን አቅፎ እንደተቀመጠ እግሯን ዘረጋች። በክት ሆነች፤ ቅርጫም የለ፣ ሥጋም የለ፣ ከማታው በፊት ጉድጓድ ማስቆፈር ብቻ። የሚያውቅ ሰው ቢኖር በግራ ጎኗ በኩል ወግቶ ነፋሱን ሊያስወጣላት ይችል እንደነበር የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው።

ከ24 ወሩ ብድር 16 ወር ቀርቶኝ ነበር። ከፈልኩት። ደመወዝ ስለነበረኝ ከፈልኩት። የእህቴ ልጅ ደመወዝ የለውም።

አሁን ወደ ርቢው። ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ ላም ያለው ሰው ላሟን ጉልበትና ሣር ላለው ሰው ይሰጣል። አርቢው ይጠብቃል፣ ያበላል፣ ያልባል። ወተቱ፣ ቅቤውና እበቱ የአርቢው ነው፤ የሚወለደው ጥጃ ይካፈላል፣ እናቲቱ ግን የባለቤቷ እንደሆነች ትኖራለች። ቦታ ቦታው የራሱ ልማድ አለው፤ አንዳንዱ የመጀመሪያው ጥጃ ለባለላሙ፣ ሁለተኛው ለአርቢው ይላል፣ አንዳንዱ ሁሉንም አስገምቶ እኩል ያካፍላል። ኦሮሞዎቹ ጎረቤቶቻችን ለዚሁ ዓይነት ነገር ዳበሬ የሚል ስም አላቸው። የሰው ላም መያዝ ነውር አይደለም። ጥር 23 ቀን የአዊ ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ ፈረስ ተውሶ የመጣ ጎረምሳ ሲሳለቁበት አይቻለሁ። በርቢ ላም ግን የሚስቅ ሰው አላጋጠመኝም።

እናቴ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፣ ከዳንግላ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቀን እንኖር ነበር። በ1963 ዓ.ም. ስምንት ዓመቴ ነው። ቤታችን የነበረችው ላም ወይኒት የከተማው ነጋዴ ላም ናት፤ ሰውየውን «አያ» እንላቸዋለን። ነሐሴ ላይ ወይኒት ረግረግ ገባች። እስከ ሆዷ ሰጥማ፣ ሰዎች በገመድና በአጠና ሲታገሉ ዋሉ፤ ስትወጣ የኋላ እግሯ ተሰብሯል። እዚያው ታረደች፣ ሥጋዋ በቅርጫ ተሸጠ። እናቴ በማግሥቱ ሌሊት እኔን አስነስታ፣ ቆዳውን ጠቅልላ በራሷ ተሸክማ፣ የቅርጫውን ብር በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ወደ ከተማ ወረድን። መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም። ከነጋዴው ደጅ ስንደርስ ቆዳውን መሬት ላይ ዘረጋችው። አያ ጎንበስ ብለው ጆሮው ላይ ያለውን የራሳቸውን ምልክት አዩ። ብሩን ቆጠሩ። ከዚያ፣ «ሰው ይትረፍ። ገብተሽ ጠላ ቅመሺ» አሏት።

ይኸው ነው። አንዲት ባልቴት የሰው ላም እጇ ላይ ሞታባት፣ ዕዳ ሳይቀርባት ጠላ ጠጥታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ አያ ሌላ ጊደር ሰጧት። ጋዜጣን በቀበርኩ ምሽት ትዝ ያለኝ ያ ቆዳ ነው። እኔ ቆዳዋን ዘርግቼ የማሳየው ሰው አልነበረኝም። ላበደረኝ ተቋም የላም ቆዳ ምኑም አይደለም፤ የሚፈልገው ፊርማዬ ያለበትን ወረቀት ነው።

በኔ ግምት «መግዛት ይሻላል ወይስ መዋስ?» የሚለው ክርክር ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ስለ ወተት መጠን፣ ስለ ዘር፣ ስለ ገበያ ብዙ ይወራል። የሞት ዕዳ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ግን ማንም አያወራም። አባቶቻችን ይህን ያወቁት በመከራ ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ክፉ ቀን የከብት ደስታ በሽታ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ፈጅቷል ይባላል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ለሕዝቡ አርአያ የሆኑት በሬ ስለጠፋ ነው። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ገና በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ነው። እንዲህ ባለ አገር ሀብታሙም ቢሆን ከብቱን ሁሉ አንድ በረት አያስቀምጥም። አሥር ላም ያለው ሰው አምስቷን በአምስት ቀበሌ በርቢ የሚበትናት ለጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ አንዱን መንደር በሽታ ቢመታው ሌላው ይተርፋል ብሎ ነው። ቦረናዎች ደግሞ ከብቱ ላለቀበት ወገናቸው ጎሳው አዋጥቶ የሚተካበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አላቸው። ዛሬ የኦሮሚያ ክልል በዚሁ ስም መሥሪያ ቤት አቋቁሞለታል። እዚያው ቦረና ከ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ እያዩ ድርቅ ሲመጣ የሚከፍል የከብት መድን ይሸጣል። ጥሩ ነው። ዳንግላ ግን የዝናብ ችግር የለብንም፣ ሳተላይቱ ቢያየን ድርቅ አያገኝብንም። የልጄን ማገጥ የሚያይ ሳተላይት ገና አልተሠራም።

ርቢን ግን አላሞካሸውም፤ ያየሁትን ልደብቅ አልችልም። እናቴ ለአያ ወተቱን አትከፍልም ነበር፤ ነገር ግን ለገና ቅቤ፣ ለፋሲካ ቅቤና እንቁላል ትወስዳለች። ቤታቸው ድግስ ሲኖር ሳምንት ሙሉ ጌሾ የምትወቅጠው፣ እንጨት የምትፈልጠው እሷ ናት። እኔ ውኃ እቀዳለሁ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የዓመቱ ፈተና የልጃቸው ሰርግ ሳምንት ላይ ዋለና ቀረሁ። «ሂጂ» ያለኝ የለም፣ «አልሄድም» ማለት ግን አይቻልም። ላሟ ጋጣችን ውስጥ ነቻ!

በሩዋንዳ ይህ ነገር ስም ነበረው፤ ኡቡሃኬ ይሉታል። ድሃው ከጌታው ላም ይቀበላል፣ በምትኩ በጉልበቱም በታማኝነቱም የጌታው ሰው ይሆናል። ንጉሥ ሩዳሂግዋ በ1954 እ.ኤ.አ. ሻሩት። ያው አገር በ2006 እ.ኤ.አ. ጊሪንካ ብሎ ለእያንዳንዱ ድሃ ቤት አንድ ላም መስጠት ሲጀምር ተቀባዩ የመጀመሪያዋን ጊደር ለሰጪው አይመልስም፣ ለሌላ ድሃ ጎረቤቱ ያሳልፋል። ዘዴው ደስ ይለኛል፤ ዕዳው ሽቅብ ከመውጣት ወደ ጎን ይሄዳል። የእኛም የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ላም ሲታደል በቴሌቪዥን አያለሁ። ላሟን ከነገመዷ ፎቶ ማንሳት ቀላል ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ የሚያያት ካለ ያኔ አመሰግናለሁ።

የርቢው ሁለተኛ ጉድለት ወረቀት አለመኖሩ ነው። አያ ሲሞቱ እናቴ በውላቸው መሠረት የእሷ ድርሻ የሆነች፣ ልትከብድ የደረሰች ጊደር ነበረቻት። ልጆቻቸው መጡና «የአባታችን ከብት ናት» ብለው ነዷት። ሽማግሌ ተቀመጠ። ምስክር ተጠየቀ፤ ምስክሩ ሟቹ ብቻ ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ለእናቴ ተረት አልነበረም። ጊደሯ በየገበያው ቀን በደጃችን ትነዳ ነበር፣ እናቴ በሩን ትዘጋው ነበር።

መዝገብ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት የተቀመጥኩት ለዚያች ጊደር ይመስለኛል።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ነገርኩት። እሱ ዝም አለ፤ የተናገረችው ሚስቱ ናት። «እሺ እትዬ፣ ግን ዘጠኝ ሊትርና ሁለት ሊትር አንድ ነው? በርቢ የአበሻ ጊደር ብንቀበል የራሳችንን ወተት መቼ ልንጠጣ ነው?» ብልህ ልጅ ናት። አብረን ቆጠርን። የአበሻ ጊደር እስክትወልድ አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ትፈጃለች፣ በሁለት ወሊድ መካከልም ሁለት ዓመት ገደማ ያልፋል። የሚቀበሏት ጊደር ልትከብድ የደረሰች ብትሆን እንኳ፣ ሁለተኛው ጥጃ የአርቢው ነው ብንል፣ እሱም ሴት ከሆነ፣ የራሳቸው የሆነች ጥገት ለማለብ ሰባት ስምንት ዓመት ያስፈልጋቸዋል። ወይፈን ከሆነ ደግሞ እንደገና መጠበቅ ነው። ስለዚህ ልጅቷ እውነት አላት፤ የድሮው ርቢ እንደ ድሮው ሆኖ ለዛሬ ወጣት አይሆንም።

ግን ዳንግላን ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። እናቴ ላሟን የምታሰማራበት የወል ሣር አብዛኛው ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው፤ ወደ ፋግታ ለኮማ ስትወጡ ደግሞ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ተራራውን ሸፍኖት ቆይቷል። ላም የመግዛት አቅም ያላቸው መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ነርሶች ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ግቢያቸው ሁለት መቶ ካሬ የማይሞላ፣ ግማሹ በኪራይ ቤት የተያዘ። ቻግኒ አጠገብ ያለው የመተከል ማራቢያ ፎገራን ከሆልስታይን ፍሪዥያን እያዳቀለ ጊደር ለገበሬው ለማዳረስ ለፍቷል። አንዳሳ ያለው የምርምር ማዕከልም የፎገራን ዘር ለመጠበቅ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የዘር እውቀት አልጎደለንም። ድቃላዋን አስሮ፣ ሣር የሚያለማ ጓሮና ጠዋት ማታ ማለብ የሚችል እጅ ግን ከተማው ውስጥ የለም፤ ያለው እንደ እህቴ ልጅ ያለ ሰው ጋ ነው። አባቱ የተዉለት ሁለት ጥማድ መሬት ከወንዙ ጥግ ነው። ዳንግሽታ ቀበሌ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና ከውጭ ምርምር ተቋማት የመጡ ሰዎች ከገበሬው ጋር ሆነው በእጅ ጉድጓድ ውኃ የመኖ ሣር በበጋ ሲያለሙ ያየ ሁሉ ይህ መሬት ምን ሊሰጥ እንደሚችል ያውቃል።

ስለዚህ ምክሬ «አትግዛ» አይደለም። «መጀመሪያ ሣሩን ግዛ» ነው። ከ110 ሺው 40 ሺውን የዝሆን ሣርና ዴሾ ተክሎ ለማጠር፣ ድርቆሽ ለመከመር፣ ወለሉ ውኃ የማያቁር ጋጣ ለመሥራት ያውለው። ቀሪው ባንክ ይቀመጥ። ድቃላዋን ደግሞ በርቢ ይቀበል! ደመወዝ ያለው፣ ሞቷን መሸከም የሚችል ሰው ይግዛት፤ ጉልበትና ሣር ያለው ያርባት። ደመወዝም ሣርም ያለው ሰው ካለ ይግዛ፣ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። እንዲህ ያለ ሰው ግን ዳንግላ ውስጥ ብዙ አላውቅም።

ባለላም አገኘን። አንዲት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ የድቃላ ጊደሯን ማሰሪያ አጥታ ልትሸጣት ነበር። ውሉን እኔ ጻፍኩት፣ በሦስት ቅጂ። ድቃላ ስለሆነች፣ ወተቷም ገንዘብ ስለሆነ፣ «ወተቱ ሁሉ ለአርቢው» የሚለው የድሮ ልማድ እንደማይሠራ ተስማማን፤ ሁለት እጁ ለአርቢዎቹ፣ ሲሶው ለባለላሟ። መኖ የአርቢ፣ መድኃኒትና የማዳቀያ ወጪ የባለላሟ። ሴት ጥጃ ከተወለደች ተገምታ እኩል፤ አርቢዎቹ የባለላሟን ድርሻ በአንድ ዓመት ውስጥ ከፍለው የማስቀረት ቅድሚያ አላቸው። ሞትን በተመለከተ አንቀጹን ሦስት ጊዜ ደግሜ ጻፍኩት። ላሟ ስትታመም በዚያው ዕለት ለባለቤቷ ይደወላል። ሁለቱ ወገኖች ስማቸውን የጻፉላቸው ሦስት ሽማግሌዎች በቸልተኝነት ሞተች ካላሉ በስተቀር አርቢው ዕዳ የለበትም። ከመታረዷ በፊት ባለቤቷን መጠበቅ አያስፈልግም የሚል ዓረፍተ ነገርም አለው፤ ያን ያስገባሁት ለጋዜጣ ስል ነው። «ከዚህ ውል ውጭ የበዓል ቅቤም ሆነ የድግስ ጉልበት አይጠየቅም» የሚለውን ስጽፍ ባልደረባዬ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በአርቢ በኩል ሲፈረም የእህቴ ልጅ ሚስት ቀደመች። የምታልበው እሷ ናት፤ ፊርማዋ ከሌለ ውሉ ግማሽ ነው ብዬ እኔ ነኝ የጠየቅሁት።

የግብርና ጽሕፈት ቤትም፣ ቀበሌም፣ ዕድርም ይስማኝ፦ የገጠር መሬት ኪራይ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ረዘም ያለው እንዲመዘገብ ሕግ አለን። ከአንድ ጥማድ መሬት ኪራይ ይልቅ የሚበልጥ ዋጋ ያላት ላም ግን እስከ ዛሬ በ«ሰው ይትረፍ» ቃል ብቻ ከቤት ወደ ቤት ትሄዳለች። እንደ አያ ያለ ሰው በየቤቱ የለም፣ ቢኖርም ይሞታል። አንድ ገጽ ቅጽና አንድ ማኅተም ብዙ ወጪ አይደለም።

ጊደሯ ሰኔ ላይ ትወልዳለች። የውሉን ቅጂ የሚፈልግ አንባቢ ካለ እኔ ጋ አለ፤ የፎቶ ኮፒውን ራሱ ይክፈል።